ገንዘባችን ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመራችን በፊት ንገሩን

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ፈቃድ ለምትሰጡ፣ ለምትቆጣጠሩና ደንቡን ለምታወጡ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ጋራዥን ወደ መኖሪያ ስለመቀየር በአማርኛና በጊዜው መረጃ ስለማጣታችን

ክቡራንና ክቡራት፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ክፍል የምንኖር ቤተሰቦች ያቋቋምነውን ዕድር ወክዬ ነው። ዕድራችን የተቋቋመው ለሐዘንና ለሕመም ነው። አንድ ቀን ስለ ግንባታ ፈቃድ ደብዳቤ ይጽፋል ብሎ ያሰበ አባል አልነበረም። ነገር ግን ባለፈው ኦክቶበር፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ የሦስት አባሎቻችን ቤት ላይ የሥራ ማቆሚያ ትእዛዝ ተለጠፈ። ሦስቱም ጋራዣቸውን ወደ መኖሪያ እየቀየሩ ነበር። ሦስቱም ያጠራቀሙትን ገንዘብ ጨርሰው ነበር። ጉዳዩን በወር ስብሰባችን ላይ ስናነሳው አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው "እኔም እኮ" እያለ ቀጠለ። በዚያ ምሽት ሌላ አጀንዳ ማየት አልቻልንም።

በአማርኛ የጻፍነው ሆን ብለን ነው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ መካከል 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ትንሹ ቁጥር ማለት ነው፣ አንድን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር በዚህ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው በሕግ የተሰጠንን ነው።

መጀመሪያ ለምን ጋራዥ እንደምንነካ ላስረዳ። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ቤት የገዙት ከሃያና ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ነው። ታክሲ ነድተው፣ ፓርኪንግ ሠርተው፣ የሆቴል አልጋ አንጥፈው ነው የገዙት። ያኔ ፔትወርዝና ብራይትዉድ አካባቢ በእኛ አቅም የሚገኝ ቤት ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ባደጉበት ሰፈር መከራየት እንኳ ከብዷቸዋል። ከከተማዋ ወጥተው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ ከዚያም ርቀዋል። እናትና አባት ደግሞ ከአገር ቤት ይመጣሉ። ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም። ቤቶቻችን ጠባብና ባለ ፎቅ ናቸው። መኝታው ላይ ነው፣ መታጠቢያውም ላይ ነው። ከጓሮ ግን አንድ አሮጌ ጋራዥ አለ። መኪና ከገባበት ዓመታት አልፈዋል። የበረዶ አካፋ፣ የተሰበረ ብስክሌትና የድግስ ድስት ነው ያለበት። እማማ እዚህ ብትኖር ብሎ ማሰብ የማንም ልጅ ሐሳብ ነው።

ከተማዋም ሐሳቡን አልከለከለችም። በ2016 ሴፕቴምበር 6 ሥራ ላይ የዋለው የዞኒንግ ደንብ፣ ማለትም በየሰፈሩ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ፣ በብዙ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ባለቤቱ ልዩ ውሳኔ ሳያስፈልገው አንድ ተጨማሪ መኖሪያ እንዲያዘጋጅ በር ከፍቷል። ቦታው ቤቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ጓሮ ባለ ጋራዥ ውስጥም ሊሆን ይችላል። ወሬው ወደ እኛ የደረሰው በዚህ መልኩ ነው፦ "ተፈቅዷል አሉ።" ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር ግን አልደረሰንም። ያለቀስንበትም ዝርዝሩ ነው።

የአንዱን አባላችንን ታሪክ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ይህ ሰው የታክሲ ሾፌር ነው። የጓሮ ጋራዡ የሚከፈተው ወደ ኋላ መተላለፊያው ነው። እናቱ ከደሴ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ልጁ በትክክለኛው መንገድ ለመሄድ ወሰነ። "ያለ ፐርሚት አንድ ሚስማር አልመታም" አለ። አርክቴክት ቀጠረ። ዕቁቡን ቀድሞ እንዲወስድ ለምኖን ፈቀድንለት። ፕላኑ ተሠራ፣ ገባ። የመጀመሪያው አስተያየት መጣ። የግድግዳው ዝርዝር ይስተካከል ተባለ። አርክቴክቱ አስተካከለ፣ ተከፈለው። ሁለተኛው አስተያየት ስለ ኤሌክትሪኩ ነበር። ተስተካከለ፣ ተከፈለ። ሦስተኛው ስለ ፍሳሽ መስመሩ ነበር። ከጋራዡ ተነስቶ እስከ ዋናው መስመር የሚሄድ አዲስ ቱቦ በፕላኑ ላይ መታየት ነበረበት። እሱም ተሠራ፣ ተከፈለ። አምስተኛው ወር ላይ አራተኛው አስተያየት መጣ። የጓሮ መተላለፊያው ስፋት አይበቃም ይላል።

ደንቡ ጋራዡ ውስጥ የሚኖር ሰው ወደ ዋናው ጎዳና የሚወጣበት ቋሚ መንገድ እንዲኖረው ያዛል። መተላለፊያው ቢያንስ 24 ጫማ ስፋት ኖሮት ከጎዳና ጋር መገናኘት አለበት። ካልሆነ ቢያንስ 15 ጫማ ስፋት ኖሮት ጋራዡ ከጎዳናው በ300 ጫማ ርቀት ውስጥ መሆን አለበት። ሁለቱም ካልተሟላ በግቢው ጎን በኩል 8 ጫማ ስፋት ያለው፣ ከላይ ክፍት የሆነ፣ በመሬት መዝገብ የተመዘገበ መተላለፊያ ያስፈልጋል። የእሱ የጓሮ መተላለፊያ 12 ጫማ ነው። ቤቱ በሁለት ጎን ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ ነው። ስለዚህ የጎን መንገድ የሚባል ነገር የለውም።

እስኪ አስቡት። ይህን ለማወቅ አምስት ወር አያስፈልግም ነበር። አንድ ሜትር መለኪያና አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። አድራሻውን ሰምቶ፣ ካርታውን አይቶ "ወንድሜ፣ የአንተ መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ገንዘብህን አታውጣ" የሚል አንድ ሰው ቢያገኝ ይበቃው ነበር። ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባው ነገር ከሁሉ በኋላ ተነገረው። እናቱ ዛሬም ሶፋ ላይ ናቸው። ዕቁቡን ግን በየሳምንቱ እየከፈለ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ጓሮ መተላለፊያዎቹ ጥንቃቄ የመጣበትን ምክንያት አናጣጥልም። የዚህች ከተማ የጓሮ ቤቶች ታሪክ ከባድ ነው። በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ ድሆች ውሃና ፍሳሽ በሌለበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። ኮንግረስ በ1934 እነዚያን ቤቶች እስከ 1944 ድረስ ለማጥፋት ሕግ አውጥቶ ነበር። የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የማይገባበት ቦታ ሰው ይኑር ብለን አንከራከርም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ደንቡ የሚታወቅ ከሆነ፣ የመተላለፊያውም ስፋት የሚታወቅ ከሆነ፣ ለባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን ለምን አይነገረውም?

ሌሎቹም ዝርዝሮች እንዲሁ ናቸው። ከሁለቱ መኖሪያዎች በአንዱ ባለቤቱ ራሱ መኖር አለበት። ተጨማሪው መኖሪያ ዋናው ቤት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ እንደ ዞኑ ዓይነት ዋናው ቤት ቢያንስ 2,000 ወይም 1,200 ስኩዌር ጫማ መሆን አለበት። ያ መኖሪያም ከቤቱ ጠቅላላ ስፋት 35 በመቶ ማለፍ የለበትም። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፋል። እኛ ያወቅነው ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ፣ ኮሌጅ ያለች፣ ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብላ እንግሊዝኛውን እያነበበች ስለነገረችን ነው። እግዚአብሔር ይስጣት። ግን ይህ የእሷ ሥራ አልነበረም።

ወደ ቋንቋው ልምጣ።

አንዲት እናት ጋራዟን ከቤቷ ጋር አያይዛ የመኝታ ክፍል ማድረግ ጀመረች። ፈቃድ አውጥታለች። ኢንስፔክተሩ መጣ። እሷ እንግሊዝኛዋ ለሥራ ቦታ የሚሆን ነው፣ ለግንባታ አይሆንም። አስተርጓሚ ልጥራ ያላት የለም። የ13 ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ቀርታ አስተረጎመች። ኢንስፔክተሩ "ኢግረስ" የለውም አለ። ልጅቷ "መውጫ የለውም ይላል" ብላ ነገረቻት። እናት በር መሰላት። ግድግዳ አስፈርሳ ሁለተኛ በር አስገባች፣ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ጣላት። እሱ የፈለገው ከመኝታ ክፍሉ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስኮት ነበር። የግንባታ ኮዱ እንደሚለው ምድር ላይ ባለ ወለል የመስኮቱ ክፍተት ቢያንስ 5 ስኩዌር ጫማ ይሆናል፤ ግርጌውም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ሰው በጭስ ውስጥ ተንበርክኮ ሄዶ ሊወጣበት እንዲችል ነው። ትክክለኛ ደንብ ነው። ሴትዮዋም ብታውቅ ኖሮ ከበሩ በፊት መስኮቱን ታስገባ ነበር። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ "በእኔ ምክንያት ነው" ትላለች። ይህን ሸክም የ13 ዓመት ልጅ ላይ ማን ጫነው?

የስልክ አስተርጓሚ እንዳለ እናውቃለን። አገልግሎቱ ግን ለጠየቀ ሰው ነው የሚሰጠው። ጠያቂው ደግሞ መብቱ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ለዚያውም በእንግሊዝኛ መጠየቅ አለበት።

ሌላዋ አባላችን ባሏ የሞተባት ናት። ቤቱን ከዓመታት በፊት ሲገዙት ጋራዡ ድሮውኑ ክፍል ሆኖ ነበር። ወለል ተነጥፎለታል፣ መታጠቢያ አለው። ሻጩ እንዲያ አድርጎ ነው የሸጠላቸው። ፈቃድ እንደሌለው የነገራቸው የለም። ባለፈው ዓመት በፖስታ አንድ ወረቀት መጣላት። እሷ የቤት ግብር መሰላት። ልጇ ሲመጣ ያየዋል ብላ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ልጇ የሚሠራው ሌላ ስቴት ነው። ለፋሲካ ሲመጣ ወረቀቱ የቅጣት ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። መልስ መስጫው ቀን አልፏል። ቅጣቱም ጨምሯል። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ "ይህ አስቸኳይ ነው፤ መልስ መስጫ ቀን አለው" የሚል አንድ መስመር ቢኖርበት ኖሮ በማግስቱ ዕድሩ ቤት ትመጣ ነበር። አንድ መስመር ብቻ።

ኮንትራክተሮችን በተመለከተ ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ አይደለም። ከእኛው ሰዎች መካከል "ፐርሚቱን በኋላ እናወጣለን፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው" ብለው ግማሹን ገንዘብ ቀድመው የሚቀበሉ አሉ። ወረቀቱ ሲለጠፍ ስልካቸው አይነሳም። ባለቤቱ በእነሱ ቢያምን አይፈረድበትም፤ አማርኛ የሚያወራው ብቸኛው "ባለሙያ" እሱ ነው። እናንተ ባዶ የተዋችሁትን ቦታ ነው የሞላው። በሥራ ማቆሚያ ትእዛዝ ምክንያት ጋራዡ ከግማሽ ተቋርጦ፣ የመኪናው በር ተነቅሎ፣ ክፍተቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ክረምቱን ያሳለፈ ቤት አለ። በረዶው ገብቶበት አዲሱ የግድግዳ ሰሌዳ (ድራይዎል) በስብሷል። ባለቤቱ ሥራው እስኪፈቀድ ድረስ ክፍተቱን ዘግቶ ቤቱን ከውሃ ለመጠበቅ ብቻ ምን ማድረግ እንደሚችል ጠየቀ። የሚመልስለት አላገኘም።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚከብደኝን ልጻፍ።

በእነዚህ ጋራዦች ውስጥ ሰው ይኖራል። ፈቃድ በሌላቸው ውስጥም ይኖራል። ይህን መደበቅ አንፈልግም። አንዲት ወጣት፣ እዚህ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ዕድራችንን እርዳታ ጠይቃ ነበር። የተከራየችው ጋራዥ ነው። መስኮት የለውም። ወለሉ ወደ በሩ ያዘነበለ ሲሚንቶ ነው፤ ጋራዥ የሚሠራው ውሃ እንዲወርድ ነውና። ከሥር እርጥበት ይወጣል። ግድግዳው ብርድ መከላከያ የለውም። የምትሞቀው በአንዲት የኤሌክትሪክ ሂተር ነው፤ ገመዱ ከዋናው ቤት በኤክስቴንሽን ተስቦ ነው የመጣው። የጭስ ማስጠንቀቂያ የለም። "ለምን አታመለክቺም?" አልናት። "ካመለከትኩ ቤቱን ይዘጉታል። እኔ የት ልሂድ?" አለች።

ይህች ልጅ አላጠፋችም። ያሰበችው ልክ ነው፤ የምታውቀው ነገር ይህ ብቻ ነውና። በዚህ ከተማ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከራይን እንደማያስወጣ አታውቅም። ከማን ጋር መነጋገር እንዳለባት አታውቅም። የሰማችው ኢንስፔክተር መጣ፣ ቤት ተዘጋ የሚለውን ነው። አከራይዋም የኛው ሰው ነው። እሱም ይፈራል። ለማስተካከል ቢሄድ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅጣት እንደሆነ ያምናል። እሷ ትፈራለች፣ እሱ ይፈራል፣ በመካከል ያ ገመድ በየሌሊቱ ይግላል።

በ2019 ኦገስት 18 ኬኔዲ ጎዳና ላይ የሆነውን አልረሳችሁም ብለን እናምናለን። ያ ቤት ጋራዥ አልነበረም። ያለ ፈቃድ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚከራይ ቤት ነበር። በእሳቱ አንድ የ9 ዓመት ልጅና አንድ ጎልማሳ ሞቱ። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ ከወራት በፊት፣ አንድ ፖሊስ ቤቱ ውስጥ ያየውን አደጋ ለከተማው ክፍሎች አሳውቆ ነበር። ክትትል ሳይደረግ ቀረ። እኛ ያንን ልቅሶ ተቀምጠናል። በየቤቱ ስንቀመጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ማን ያውቅ ነበር? አሁን እኛ እያወቅን ነው። እናንተም ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ በኋላ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ደንቡ ይላላ ብለን አልመጣንም። ጣሪያው ከ7 ጫማ አይነስ የሚለው፣ በየመኝታ ክፍሉ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይኑር የሚለው፣ የመኪናው በር የነበረበት ቦታ በግድግዳ ሲዘጋ ከሥሩ መሠረት ይግባለት የሚለው ሁሉ የሰው ሕይወት ነው። በቋንቋችን ሲነገረን እንፈጽመዋለን። የሚያሳዝነው እስካሁን ከደንቡ ጋር የተዋወቅነው በቅጣቱ በኩል መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2022 ኦክቶበር ወር መግቢያ ላይ ሁለቱንም ፈቃድ ይሰጥ የነበረው የቀድሞው መሥሪያ ቤት ለሁለት ተከፍሏል። የግንባታው ፈቃድ ወደ አንዱ፣ የኪራዩ ፈቃድ ወደ ሌላው ሄደ። ለሥራችሁ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን በአማርኛ የነገረን የለም። የግንባታ ፈቃድ ያገኘ ሰው "ጨረስኩ" ብሎ ያከራያል፤ ለኪራዩ ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ሲቀጣ ነው። የቅርስ ጥበቃ ሰፈር ውስጥ ያሉ አባሎቻችን ደግሞ ሌላ ግምገማ ይጠብቃቸዋል። የጋራዡን በር እንኳ ለመቀየር ሲሉ ነው ያወቁት።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ ጋራዥን ወደ መኖሪያ ስለመቀየር የሚናገር አጭር መመሪያ በአማርኛ አውጡ። ቃል በቃል የተተረጎመ አስቸጋሪ ጽሑፍ አይሁን። ለአንድ ሽማግሌ ሲነበብለት የሚገባው ይሁን። የመተላለፊያው ስፋት፣ የቤቱ መጠን፣ የ35 በመቶው ገደብ፣ የባለቤቱ መኖር፣ መስኮቱ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው፣ ፍሳሹ፣ የኪራይ ፈቃዱ በቅደም ተከተል ይቀመጡበት። ከመታተሙ በፊት ለእኛ ብታሳዩን በነፃ እናነብላችኋለን። "ኢግረስ" የሚለውን በምን ቃል እንደምንለው አብረን እንወስናለን።

ሁለተኛ፣ እና ከሁሉም በላይ የምንለምነው፣ ባለቤቱ አርክቴክት ከመቅጠሩ በፊት አድራሻውን ሰጥቶ "የእኔ ጋራዥ ይሆናል ወይስ አይሆንም?" ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ የቅድሚያ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። ዞኑ፣ መተላለፊያው፣ የቤቱ ስፋት፣ የቅርስ ሰፈር መሆን አለመሆኑ፤ እነዚህ አራቱ ብቻ ቢመለሱ ይበቃል። አይሆንም የሚለው መልስም ቢሆን ቶሎ ከመጣ ዕቁባችንን ያተርፍልናል። ፕላን ከገባ በኋላም ቢሆን ሥራውን ከሥሩ የሚጥለው ጉዳይ በመጀመሪያው ዙር አስተያየት ላይ ይነገር።

ሦስተኛ፣ የቅጣት ማስታወቂያና የሥራ ማቆሚያ ትእዛዝ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ መመለስ እንዳለበትና በየትኛው ስልክ በአማርኛ መጠየቅ እንደሚቻል በአማርኛ ይጻፍ። ሥራ የቆመበት ቤት ከዝናብና ከበረዶ እንዲጠበቅ የተፈቀደው ነገርም እዚያው ላይ ይገለጽ።

ኢንስፔክተሮቻችሁ ደግሞ በር ላይ እንደደረሱ አስተርጓሚ ይፈለግ እንደሆነ ራሳቸው ይጠይቁ። ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገው አይጠቀሙ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ውሳኔ የሚጠይቅ ነው። ቀድሞ ያለ ፈቃድ የተቀየረ ጋራዥ ያለው ባለቤት በራሱ ፈቃድ መጥቶ "አስተካክላለሁ" ሲል የሚያስተካክልበት ጊዜ ይሰጠው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅጣቱ ይቁም። ለሕይወት የሚያሰጋው ነገር፣ ገመዱና የጭስ ማስጠንቀቂያው፣ በቀናት ውስጥ ይስተካከል፤ የቀረው በወራት ይሁን። በፍጹም ሰው ሊኖርበት የማይችል ቤት ሲገኝ ደግሞ ተከራዩ የሚሄድበት ቦታ ሳይገኝለት ወደ ጎዳና አይውጣ። ያቺ ወጣት ስልክ አንስታ እንድትደውል ከተፈለገ መልሱ ምን እንደሆነ አስቀድማ ማወቅ አለባት።

በመጨረሻም፣ ወደ እኛ ኑ። የወር ስብሰባችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሽ እናዘጋጃለን፣ አስተርጓሚ ከእኛ ይሆናል። አንድ የዞኒንግ ባለሙያና አንድ ኢንስፔክተር ለሁለት ሰዓት ቢመጡልን አባሎቻችን የቤታቸውን ወረቀት ይዘው ይጠብቋችኋል። ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር እንዴት እንደሚጣራም በዚያው አሳዩን።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። የደረሰንን መልስ በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ ለአባላቱ እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የዕድሩ ጸሐፊ
በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ፣ የቤት ባለቤትና ተከራይ አባላትን በመወከል